ስፖንጅ በሪፍ አኳሪየም ውስጥ እንዳይሞትባችሁ፦ ለአዲስ አበባ ዳር ነዋሪዎች ዝርዝር መመሪያ

ለሪፍ አኳሪየም፣ ማለትም ኮራልና የባሕር ዓሣ ለሚኖሩበት የጨው ውሃ ገንዳ፣ ስፖንጅ (የባሕሩን እንስሳ እንጂ የዕቃ ማጠቢያውን አይደለም) ገዝተው፣ በሁለት በሦስት ወር ውስጥ ባዶ አጽሙን ከገንዳ ያወጡ ሰዎች ብዙ ናቸው። ጥያቄያቸውም አንድ ነው፦ «የውሃዬ ምርመራ ደህና ነው። ዓሣውም ኮራሉም ደህና ናቸው። እሱ ብቻ ለምን ሞተ?»

መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው። ወይ አየር ገብቶበታል፣ ወይ ርቦታል፣ ወይ ቆሻሻ ተጭኖ አፍኖታል። ከከተማው ዳር ለምንኖር ደግሞ፣ ለገጣፎም ይሁን ሱሉልታ፣ ሰበታም ይሁን ቱሉ ዲምቱ፣ ሁለት ነገር ይጨመርበታል፦ የከፍታው የሳሳ አየርና የመብራቱ ነገር።

ከታች ያለው በቅደም ተከተል የሚሠራ ነው። ደረጃ አትዝለሉ። በተለይ 2ኛውንና 5ኛውን።

ከመጀመራችሁ በፊት

ስፖንጅ እንስሳ ነው፤ ግን አፍም ሆድም የለውም። በመላ አካሉ ላይ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውሃ ያስገባል፣ ውስጥ ባሉት ቦዮች እያሳለፈ ባክቴሪያና ደቃቅ ምግብ ያጣራል፣ ከዚያ በትልቁ ቀዳዳ ይተፋዋል። አንድ ኪሎ ስፖንጅ በቀን እስከ 24,000 ሊትር ውሃ ሊያሳልፍ ይችላል። ስለዚህ ቦዩን የሚደፍን ነገር ሁሉ ጠላቱ ነው። አየር፣ ደለል፣ አልጌ።

ሌላው ነገር፣ ስፖንጅ ችግሩን ቶሎ አይናገርም። ኮራል ሲከፋው ይሰበሰባል፣ ትላላችሁ «ምን ሆነ?»። ስፖንጅ ግን ቀለሙ ሳይለቅ ለሳምንታት ሊራብ ይችላል። በቀለሙ አትታለሉ።

1. ገንዳውን አዘጋጁ

ስድስት ወር ያልሞላው ገንዳ ውስጥ ስፖንጅ አታስገቡ። እኔን ከጠየቃችሁ ዓመት ብትጠብቁ ይሻላል። ጥሩ ምልክት አለ፦ ሳምፑ (ከዋናው ገንዳ ሥር የሚቀመጠው የማጣሪያ ገንዳ) ውስጥ ጨለማ ቦታ፣ ቧንቧው ላይ ወይም ከድንጋዩ ሥር፣ ግማሽ ሳንቲ ሜትር የማይሞሉ ነጭ ስፖንጆች በራሳቸው ሲበቅሉ ካያችሁ ውሃው ውስጥ የሚበላ ነገር አለ ማለት ነው። ካልበቀሉ፣ ገዝታችሁ የምታመጡትም ይራባል።

የውሃው ልክ እንዲህ ይሁን፦

- ሙቀት ከ24 እስከ 25 ዲግሪ
- ጨዋማነት 35 ግራም በሊትር ገደማ
- አልካሊኒቲ (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ) ከ8 እስከ 9 ዲኬኤች
- ካልሲየም ከ400 እስከ 450፣ ማግኒዢየም ከ1250 እስከ 1350 ሚሊ ግራም በሊትር
- ናይትሬት ከ5 እስከ 15 ሚሊ ግራም በሊትር፤ ዜሮ ከሆነ ደስ አይበላችሁ

ለ20 ሊትር ጀሪካን ከ700 እስከ 760 ግራም የሪፍ ጨው ይበቃል፤ ትክክለኛው መጠን ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። የገበታ ጨው ግን አይሆንም። ከአፋር፣ ከአፍዴራ የሚመጣው ጨው ለወጥ እንጂ ለሪፍ አይደለም። ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው። ካልሲየሙንና ማግኒዢየሙን በሚበቃ መጠን አታገኙበትም።

ውሃው የአር ኦ (ውሃን በግፊት በስስ ሽፋን የሚያጣራ ማሽን) ውሃ መሆን አለበት፣ ከማሽኑ በኋላም የዲአዮናይዘር ሬዚን (የቀረውን የሟሟ ማዕድን የሚይዝ ማጣሪያ) ይኑረው። አካባቢያችን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። የጉድጓድ ውሃ ሲሊካ (መስታወት የሚሠራበት ማዕድን) ይዞ ይመጣል፣ መስታወቱም ወዲያው ቡናማ ይለብሳል። «ስፖንጅ ሲሊካ ይፈልጋል አይደል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ብዙዎቹ አጽማቸውን የሚሠሩት በሱ ነው። ነገር ግን ከቧንቧ ውሃ ጋር ክሎሪንና ሌላም ጣጣ አብሮ ይገባል። በዚህ አትድከሙ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የአር ኦ ማሽን በደንብ የሚሠራው ከ3 እስከ 4 ባር ግፊት ሲያገኝ ነው። ከሮቶ በስበት የሚወርድ ውሃ ይህን አያመጣም። ሮቶው ሦስት ሜትር ከፍታ ላይ ቢሰቀል የሚሰጠው 0.3 ባር ብቻ ነው። ወይ የግፊት መጨመሪያ ፓምፕ ግጠሙ፣ ወይ ዝግጁ የአር ኦ ውሃ ግዙ። አለበለዚያ ማሽኑ ሌሊቱን ሙሉ ሲንጠባጠብ ያድራል፣ አብዛኛውም ወደ ፍሳሽ ይሄዳል።

2. ኦክስጅኑንና መብራቱን አስተካክሉ

ባሕር ጠለል ላይ 25 ዲግሪ የሆነ የጨው ውሃ በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር አልፋ ነው ያለችው። እዚህ ያው ውሃ የሚይዘው 5 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ከመነሻው ሩቡን አጥታችኋል ማለት ነው። የውጭ አገር መመሪያዎች ይህን አይነግሯችሁም፤ የጻፏቸው ሰዎች ባብዛኛው ዝቅተኛ ቦታ የሚኖሩ ናቸው።

ስለዚህ፦

- የውሃው ፊት ሁልጊዜ ይናወጥ። አንዱን የሞገድ ፓምፕ ወደ ላይ አዙሩት።
- ሙቀቱን ከ25 አታሳልፉ። ውሃ በሞቀ ቁጥር ኦክስጅን ይቀንሳል።
- ዓሣ አታጨናንቁ።
- ገንዳውን በመስታወት ግጥም አድርጋችሁ አትክደኑ።

ፕሮቲን ስኪመር (ቆሻሻን በአረፋ ከውሃው የሚያወጣው መሣሪያ) የሚስበው የክፍሉን አየር ነው። ቡና የሚፈላው፣ እጣኑ የሚጨሰው፣ ከሰሉ የሚቀጣጠለው እዚያው ሳሎን ከሆነ ያ ሁሉ ወደ ውሃው ይገባል። የከሰሉ ጋዝ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) ያወርዳል። ቡናውን ተዉ አልልም፣ በኛ ቤት የማይሞከር ነው። የስኪመሩን የአየር ቱቦ በመስኮት ወደ ውጭ አውጡት፣ ጫፉን ወደ ታች አዙሩና አቧራ እንዳይገባ ስስ መረብ እሰሩበት። ፍሊት ግን ገንዳው ባለበት ክፍል ፈጽሞ አይነፋ። በበረኪና ወለል የሚወለወል ከሆነም እጃችሁን ሳትታጠቡ ገንዳ አትንኩ።

አሁን ወደ መብራቱ። ብዙ ስፖንጅ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው፣ ባለቤቱም አያውቅም። ሳምፕ ያለው ገንዳ ላይ መብራት ሲጠፋ የመመለሻው ፓምፕ ይቆማል። የላይኛው ገንዳ ውሃ ወደ ሳምፑ ይወርዳል። በላይኛው ጠርዝ አጠገብ የተቀመጠ ስፖንጅ ጫፉ ከውሃ ይወጣል። መብራቱ ከሰዓት በኋላ ይመጣል፣ ውሃው ይመለሳል፣ ምንም የሆነ አይመስልም። ከሳምንት በኋላ ያ ጫፍ ይነጣል። ባለቤቱም «ቴስቱ ደህና ነው» ይላል።

ስፖንጅ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ፦

1. ውሃው አሁን ያለበትን ልክ በመስታወቱ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ።
2. ሁሉንም ነገር ከሶኬት ንቀሉ። አሥር ደቂቃ ጠብቁ።
3. ውሃው የወረደበትን ልክ ሁለተኛ ምልክት አድርጉ።
4. ከሁለተኛው ምልክት በታች 5 ሳንቲ ሜትር ለኩ፣ ሦስተኛ ምልክት አድርጉ። ከዚህ መስመር በላይ ስፖንጅ አይቀመጥም።
5. ሳምፑ ሞልቶ አለመፍሰሱን እዩ። ከፈሰሰ የመመለሻው ቱቦ ጫፍ በጣም ጠልቋል፤ ወደ ላይ ከፍ አድርጉት።
6. መልሳችሁ ሰኩ። ፓምፑ ሲነሳ ደቃቅ አረፋ ስንት ደቂቃ እንደሚተፋ ተመልከቱ። አረፋው የሚያርፍበትን ቦታም ከስፖንጅ ነፃ አድርጉት።

ባትሪ ያለው የአየር ፓምፕ የግድ ነው፤ መብራት ሲጠፋ በራሱ የሚነሳውን ዓይነት ፈልጉ። ኢንቨርተር ካላችሁ መጀመሪያ አንድ የሞገድ ፓምፕ ስጡት፣ ሂተሩን አይደለም። ሂተር ባትሪ ይጨርሳል። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ሲበርድ፣ መብራት ከጠፋ ገንዳውን በጎንና በጎን በብርድ ልብስ ወይም በጋቢ ጠቅልሉት። ላዩን ግን ክፍት ተዉት። ስታቢላይዘሩም መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚለቅ ቢሆን ፓምፖቹን ያድናል።

3. የሚኖረውን ምረጡ

ቀይና ብርቱካናማ፣ ቅርንጫፍ ያለው ስፖንጅ ዓይን ይስባል። ለጀማሪ አልመክረውም። ብርሃን አይጠቅመውም፣ የሚኖረው በሚያጣራው ምግብ ብቻ ነው፣ ቤት ውስጥ ያን ያህል ማብላት ደግሞ ከባድ ነው።

በሰውነታቸው ውስጥ ከብርሃን ምግብ የሚሠሩ ሳያኖባክቴሪያ ያሏቸው ስፖንጆች አሉ። ሰማያዊ ወይም ግራጫ ሆነው እንደ ቅጠል የተዘረጉትን ፈልጉ። በነዚህ ጀምሩ።

ስትመርጡ፦

- ውሃ ውስጥ እንዳለ እዩት። «ላውጣልህ?» ያለ ሻጭ ካለ ስፖንጁን እዚያው ተዉለት።
- ከድንጋይ ጋር ተጣብቆ ያደገውን ውሰዱ። የተቦጨቀውን አትውሰዱ።
- ነጭ ነጥብ ወይም እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሽፋን ካለበት አትንኩት፤ መሞት ጀምሯል።
- ከውጭ የሚመጣ ከሆነ ሰነዱን ጠይቁ። ላይቭ ሮክ (ሕይወት ያላቸው ነገሮች የሰፈሩበት የባሕር ድንጋይ) እና ድንጋያማ ኮራል በሳይተስ፣ ማለትም የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ስላሉ ያለ ፈቃድ አይገቡም።

ገንዳችሁ ውስጥ ኤንጅል ፊሽ ካለ ግዢውን ተዉት። ብዙዎቹ ስፖንጅ ይበላሉ።

4. አጓጉዙ

ላስቲኩ ሲታሸግ ስፖንጁ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ይሁን፣ ላስቲኩ ቢጋደም እንኳ። በኮብልስቶን መንገድ ላይ ላስቲክ ቆሞ አይመጣም። ክዳን ያለው ባልዲ እስከ አፉ ሞልቶ ማምጣት ከሁሉም ይሻላል።

ከባሕር ዳርቻ አገር ታሽጎ የመጣ ላስቲክ እዚህ ሲደርስ በጣም ተነፍቶ ታገኙታላችሁ። ውስጡ ያለው አየር በከፍታው ምክንያት በሲሶ ገደማ ሰፍቷል። በምላጭ አትብሱት፤ የሚፈታበት ጊዜ ሲደርስ (ደረጃ 5) ባልዲ ውስጥ አስቀምጣችሁ ቋጠሮውን ቀስ ብላችሁ ፍቱ።

5. ከውሃ ወደ ውሃ አዛውሩ

ጀማሪ ሁሉ የሚወድቅበት ደረጃ ይህ ነው። ስፖንጁ ለአንድ ሰከንድም ቢሆን ከውሃ አይውጣ። አንዳንድ ዝርያ አየር ይችላል፤ የእናንተ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ግን አትሞክሩ።

የሚያስፈልገው፦ ንጹህ ባልዲ፣ ቀጭን የአየር ቱቦ፣ ሳሙና ነክቶት የማያውቅ ጎድጓዳ ሳህን፣ ጓንት። ጓንቱን አትርሱ። የስፖንጅ ደቃቅ እሾህ ቆዳ ያሳክካል፣ አንዳንዶቹ ክፉኛ ያቃጥላሉ።

1. የገንዳውን መብራት አደብዝዙ።
2. ላስቲኩን ሳትፈቱ 20 ደቂቃ ገንዳው ላይ አንሳፍፉ።
3. ከከተማ ውስጥ፣ ከሰው ገንዳ የመጣ ከሆነ ከነውሃው ባልዲ ውስጥ አስገቡት። ቱቦውን ቋጥራችሁ በሰከንድ ከ2 እስከ 4 ጠብታ ከገንዳው አንጠባጥቡ፣ የውሃው መጠን እጥፍ እስኪሆን። ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ባልዲው በዚህ መሐል እንዳይቀዘቅዝ።
4. በአውሮፕላን ከአንድ ቀን በላይ ተጉዞ የመጣ ከሆነ ግን በላስቲኩ ውሃ ውስጥ አታቆዩት። ላስቲኩ ሲከፈት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፣ ፒኤቹ ይነሳል፣ የተጠራቀመው አሞኒያ ያን ጊዜ መርዛማ ይሆናል። አስቀድማችሁ የሻጩን ጨዋማነት ጠይቁ፣ በዚያው ልክ ንጹህ የጨው ውሃ በባልዲ አዘጋጁ፣ ስፖንጁን በሳህን ወዲያው ወደዚያ አዛውሩ። ከዚያ አንጠባጥቡ።
5. ሳህኑን ባልዲው ውስጥ አጥልቁት፣ ስፖንጁን በድንጋዩ ይዛችሁ ወደ ሳህኑ አስገቡ። አትጭመቁት።
6. ሳህኑን እስከ አፉ እንደሞላ አንሱ፣ ወደ ገንዳው አጥልቁ፣ ከውሃው ፊት በታች ከሆነ በኋላ ብቻ ስፖንጁን አውጡ። አብሮ የሚገባው አንድ ሊትር ውሃ ምንም አያደርግም።

አየር ከነካውስ? ውሃ ውስጥ እንዳለ ትልቁን ቀዳዳ ወደ ላይ አዙሩ፣ ቀስ ብላችሁ አወዛውዙት። አረፋ ከወጣ ጥሩ። ካልወጣ ቀጥ ያለ ጅረት ያለበት ቦታ አስቀምጡትና ተዉት። አትደባብሱት፣ አታራግፉት። የሞተ ክፍል ካለው በቀናት ውስጥ ነጥቶ ይለያል፤ የዚያን ጊዜ ይቆረጣል።

6. ቦታ ስጡት

ብርሃን የማይፈልገው ከድንጋይ ጥላ ሥር ይሁን። ብርሃን የሚፈልገው መካከለኛ ብርሃን ይበቃዋል። ሁለቱም ቋሚ ጅረት ይፈልጋሉ፤ ፓምፕ ፊት ለፊት ግን አይሁን። ከሚናደፍ ኮራል ጥቂት ራቅ አድርጉት።

ማሰር ካስፈለገ በውሃ ውስጥ፣ በዓሣ ማጥመጃ ናይለን ክር፣ ድንጋዩን ከድንጋዩ ጋር። ሙጫ ለመቀባት ብላችሁ ወደ ላይ አታውጡት። አንዴ ካስቀመጣችሁት አታንቀሳቅሱት። የኛ ሰው ሲወድ ይነካካል፣ ስፖንጅ ደግሞ ሲነካኩት አይወድም።

7. አብሉት

ምግቡ ደቃቅ መሆን አለበት። ለዓሣ የሚሰጠው ፍርፋሪ ለሱ ተራራ ነው። ናኖክሎሮፕሲስ የሚባለው ፋይቶፕላንክተን (በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ደቃቅ አልጌ) ከ2 እስከ 4 ማይክሮን ስለሆነ ይሆናል። ማሸጊያው ከሚለው ግማሹን፣ በየቀኑ፣ ትንሽ ትንሽ ስጡ። ሳምንቱን ጠብቆ አንድ ጠርሙስ ማፍሰስ ውሃውን ከማበላሸት ሌላ ጥቅም የለውም።

ሌላ አገር «ማታ አብሉ፣ ስኪመሩን አጥፉ» ይባላል። እዚህ አታድርጉት። ማታ ኦክስጅኑ ከሁሉ ጊዜ ይወርዳል፣ ስኪመሩም አየር የሚያስገባላችሁ መሣሪያ ነው። ጠዋት፣ የገንዳው መብራት ከበራ ሁለት ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ አብሉ። ስኪመሩን ካጠፋችሁ ለአንድ ሰዓት ብቻ፣ የአየር ፓምፕ ተክታችሁ። ዩቪ መብራት (ውሃ ውስጥ ያለውን ደቃቅ ሕይወት የሚገድለው) እና ደቃቅ የፊልተር ጨርቅ ካለም ለዚያች ሰዓት ይረፉ። መብራት ሲመጣ ሲሄድ በሚውልበት ቀን ምግብ አትስጡ፤ ስፖንጁ አንድ ቀን ቢያድር አይሞትም።

ፎስፌት የሚያነሳውን የብረት ኦክሳይድ ፊልተር የምትጠቀሙ ከሆነ ሲሊካውንም አብሮ እንደሚወስድ እወቁ። መጠኑን ቀንሱት።

8. በየሳምንቱ

ከፋርማሲ ትልቅ ስሪንጅ ግዙ። ያለ መርፌ፣ ውሃ ውስጥ፣ በስፖንጁ ላይ የተኛውን ደለል በቀስታ እፍ አድርጉበት። ከመሳባችሁ በፊት ስሪንጁ ውስጥ አየር እንዳይቀር። ውሃ ስትቀይሩ ደረጃው ከዚያ ከሦስተኛው ምልክት በታች አይውረድ። ዓሣ ቢታመምባችሁ መዳብ ያለበትን መድኃኒት እዚህ ገንዳ ውስጥ አታድርጉ፤ ዓሣውን ለብቻ አውጥታችሁ አክሙ።

ሲበላሽ

*ጫፉ ነጣ፦* አየር ነክቶታል ወይም ሞቷል። ጥልቅ ሳህን ገንዳው ውስጥ አጥልቁ፣ ስፖንጁን በውስጡ ያዙ፣ በአዲስ ምላጭ ከነጣው አንድ ሳንቲ ሜትር አልፋችሁ ጤነኛውን ቁረጡ። ቁራጩን ወዲያው አውጡ። ውስጡን እዩ፤ ጤነኛው ከላዩ ጋር ተቀራራቢ ቀለም አለው፣ የሞተው ግራጫ ሆኖ ይፈረካከሳል።

*እያነሰ ሄደ፣ ቀለሙ ግን አለ፦* ረሃብ ነው። ምግቡን በአንዴ አታብዙ። በየሳምንቱ ጥቂት ጨምሩ፣ ናይትሬቱን እየለካችሁ።

*አልጌ ለበሰ፦* ብርሃኑ በዝቷል ወይም ጅረቱ አንሷል። በብሩሽ አትፈግፍጉት። ጥላ ስጡት፣ ጅረት ጨምሩ።

*ሸተተ፣ ውሃው ደመነ፦* ሞቷል። አትጠብቁ። ከነድንጋዩ በሳህን አውጡት፣ ከ25 እስከ 30 በመቶ ውሃ ቀይሩ፣ አዲስ አክቲቬትድ ካርቦን (ቆሻሻ የሚስብ ከሰል) አስገቡ፣ የአየር ፓምፑን አስነሱ፣ አሞኒያ ለኩ። በማግስቱም ለኩ።

9. ያልተጠራ ስፖንጅ ሲመጣ

በድንጋይ ተሸሽጎ የሚገባ አለ። አብዛኛው ጥቅም ነው፤ ሳምፑ ውስጥ ያለውን ተዉት፣ ውሃ ያጣራላችኋል። ኮራል ላይ የሚወጣና የኮራሉን አጽም የሚቦረቡር ሲሆን ግን መወገድ አለበት። ክሊዮና የሚባለው ቦርባሪ ከላይ ሲታይ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ነጠብጣብ ነው የሚመስለው፤ ዋናው አካሉ ግን ውስጥ ነው። ላዩን ፍቆ መተው ዋጋ የለውም። ጤነኛውን የኮራል ክፍል ቆርጣችሁ ወደ አዲስ ድንጋይ አዛውሩ፣ የተበላውን አስወግዱ።

ላይ ላዩን የሚያድገውን፣ ባዶ ድንጋይ ላይ ከሆነ፣ አውጥታችሁ በባልዲ ውሃ ላይ ፋቁት፤ ፍርፋሪው ገንዳው ውስጥ ከወደቀ ሌላ ቦታ ሊተከል ይችላል። ጓንትና መነጽር አድርጉ። ድንጋዩን ለማጽዳት ብላችሁ ግን አትቀቅሉት፣ የፈላ ውሃም አታፍስሱበት። ዞአንቲድ ኮራል የነበረበት ድንጋይ ፓሊቶክሲን የሚባል ኃይለኛ መርዝ ሊኖረው ይችላል፣ በእንፋሎቱ ቤተሰብ በሙሉ ሊታመም ይችላል። ውጭ ፀሐይ ላይ፣ ልጆችና ውሻ በማይደርሱበት፣ ለሳምንታት አድርቁት።